ሸክም የተጨመረበት መኪና

«እማ፣ ያሸነፈ መኪና ላይ ለምን ክብደት ይጨምሩበታል?» አለችኝ ልጄ ሰሚራ፣ እሑድ ከሰዓት የጃፓኖችን የመኪና ውድድር በኮምፒውተር እያየን። ባለፈው ውድድር ያሸነፈው ቀዩ መኪና ላይ፣ ሌሎቹ እንዲደርሱበት ብለው ሸክም ጭነውበታል። «ይሄማ ግፍ ነው!» አልኩ። ባለቤቴ ሳቀብኝ። «አንቺ በባዶ መኪና እንኳ ሃይዌይ ትፈሪ የለ!»

እውነቱን ነው። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ሁለት ዓመት ቢያልፈኝም፣ ፕሊማውዝ ከተማ ወዳለው ሥራዬ የምሄደው በባስ ነበር። ቀዩ መኪና ግን እንደዚያ ተጭኖበት፣ ሳይቸኩል አንድ በአንድ እያለፈ፣ መጨረሻው ዙር ላይ ፊት የነበረውን ቀደመው! ከሰሚራ ጋር ተቃቅፈን ጮኽን።

«ነገ ቁልፉን ስጠኝ» አልኩት ባለቤቴን።

«የምርሽን ነው?»

በማግስቱ ጠዋት ቢስሚላህ ብዬ ሃይዌይ ገባሁ፤ የዘወትር ባሴንም መንገድ ላይ አልፌው ሄድኩ።