የጋሼ ዘውዱ የአንድ ቀን ግፊት

ከወልድያ ደሴ ሚኒባስ የሚነዱት አቶ ዘውዱ መንጃ ፈቃዳቸውን ለማሳደስ በተመረመሩ ቁጥር የደም ግፊታቸው ደህና ይወጣል። እንዴት እንደሚወጣም መላውን ያውቁታል። ከቀጠሮው በፊት መኪናቸውን ያቆማሉ፣ ነጭ ሽንኩርት በገፍ ይበላሉ፣ እንደ አራስ ተኝተው ይሰነብታሉ። መላውን ለመናኸሪያው ሹፌር ሁሉ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው፤ ይኮሩበታልም።

አንድ ማለዳ መርሳ ላይ የጎረቤታቸው ልጅ ፌቨን ጋቢና ገባች። ሻንጣዋን ጣራ ላይ አላስጭንም ብላ ጭኗ ላይ አቀፈችው።

«ምን ቢሆን ነው እንዲህ የተሳሳሽለት፣ ልጄ?»

«የልብ ድምፅና የደም ግፊት የሚቀዳ መሣሪያ ነው፣ ጋሼ። የመመረቂያ ሥራዬ ነው። ክንድ ላይ ይታሰራል፣ ደረት ላይ ይለጠፋል፤ ውሎ አድሮ የቀዳውን ኮምፒውተር ላይ እናየዋለን።»

«ልብ ዘፋኝ ነው እንዴ የሚቀዳው?»

ፌቨን ሳቀች። «ዘፋኝስ ተዘጋጅቶ ይቀዳል። ልብ ግን ሳይዘጋጅ ቢቀዳ ነው የሚሻለው።»

«የኔ በየጊዜው ተለክቶ ደህና ነው» አሉና የነጭ ሽንኩርቱን መላ እየሳቁ አጫወቷት። አብራቸው አልሳቀችም።

«እንግዲያ የተለኩት አርፈው የተኙት ጋሼ ዘውዱ ናቸው። እኛን ጭነው የሚነዱትንስ ማን ለካቸው?»

አቶ ዘውዱ ዓይናቸውን ወደ መንገዱ መለሱ። በቅርቡ ውርጌሳ ላይ አስፋልቱ ድንገት ሁለት ሆኖባቸው ከአንድ ጋሪ ጋር ሊላተሙ ሲሉ ለጥቂት ተርፈዋል። ተሳፋሪው ጉድጓድ የሸሹ መስሎት ነበር፤ እሳቸውም ለማንም አልተናገሩም። ፈርተው ነበር፤ ከአደጋው ይልቅ የፈሩት ግን ምርመራውን ነው።

«መለኪያችሁ መሪውን ከእጄ ቢወስደው ምን ይቀረኛል?» አሉ።

«መሪውን የሚወስድብዎ ግፊቱ እንጂ መለኪያው አይደለም። በጊዜ የታወቀ ግፊት በመድኃኒት ይወርዳል። ያልታወቀው ግን የት ላይ እንደሚጥልዎት አያማክርዎትም።»

«እንግዲያው ሥራዬ ላይ እያለሁ እሰሪልኝ። መሣሪያሽ ውሸታም መሆኑን አሳይሻለሁ።»

ወልድያ ላይ የመመረቂያ ሥራዋን ከሚከታተላት ሐኪም ጋር ሆና አሰረችላቸው። በማግሥቱ ሦስቱም ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡ። ከፍ ዝቅ የሚለውን መስመር ሲያዩ አቶ ዘውዱ ማስረዳቱን ከፌቨን ቀሙ።

«ይቺ መናኸሪያ ውስጥ በተራ የተጣላሁባት ናት። ይቺ ደግሞ ውርጌሳ፤ አንዱ አይሱዙ ጠርዝ አስይዞኝ ሲያልፍ።» መንገዳቸውን በመስመሩ ላይ እየነዱ ደስ አላቸው። ከዚያ ጣታቸው ቆመ። «ይሄስ የት ነው? ላይ ወጥቶ አልወርድ ያለው? እንዲህ ያለ ረጅም ዳገት እኮ አላውቅም።»

«መንገድ አይደለም፣ ጋሼ። ቤትዎ ተኝተው ነው።»

የዚያን ሰዓት የልብ ድምፃቸውን ከፈተችላቸው። አቶ ዘውዱ የመኪና ድምፅ ሲያዳምጡ እንደሚያደርጉት አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙ። ፈገግታቸው ጠፋ።

«ለካ ሞተሩን ሳላጠፋ ነው የማድረው» አሉ። ስለ ውርጌሳውም ለሐኪሙ ተናገሩ።

ሐኪሙ መድኃኒት ጀመረላቸው፤ ግፊቱ እስኪወርድም መሪ እንዳይዙ ከለከላቸው። መኪናቸውን ሌላ ሰው ሲነዳው ማየት አንገበገባቸው፤ ቢሆንም ቻሉት። ጨው ቀነሱ፣ ኪኒናቸውንም ከቁርስ ጋር ሳያዛንፉ ዋጡ። መሣሪያው እንደገና ታስሮ የእንቅልፋቸው መስመር ወርዶ ሲገኝ ሐኪሙ ራሱ ወደ ሥራቸው መለሳቸው። ሳይመረመሩ ቢቀሩ ኖሮ መሪውንም፣ ምናልባት ነፍሳቸውንም፣ የተሳፋሪውንም ነፍስ ያጡ ነበር። ዛሬ አስፋልቱ አንድ ነው።

በቀደም መርሳ ላይ ሹፌሩ ሲሳይ ለምርመራው ነጭ ሽንኩርት ሲልጥ አገኙት። ቀሙት።

«ይሄን ለወጥ አድርገው» አሉት። «ሐኪሙን ታታልለው ይሆናል፤ እሱ ግን አብሮህ አይሳፈርም። የሚሳፈሩት እነዚህ ናቸው።»

ሲሳይ ዞሮ ወደ ራሱ ሚኒባስ አየ። ልጇን ያቀፈች እናት መስኮቱን ተደግፋ አንቀላፍታለች። ጋቢና ውስጥ ፌቨን የመሣሪያውን ሻንጣ ይዛ ተቀምጣለች። ሲሳይ እጁን ታጥቦ ወደ እሷ መጣና እንድታስርለት እጅጌውን ሰበሰበ።