የጥሩነሽ ስም

ጣሊያን ደብረ ማርቆስን እንደያዘ ነው። ለጣሊያኖች የሚያስተረጉም አንድ ያገራችን ሰው የዘፈን መጽሔት ላሳትም ነው ብሎ፣ የጎጃምን ዘፈኖች ሰብስቤ እንድጽፍለት አዘዘኝ። ጽፌ ወሰድኩለት። ገለጥ ገለጥ አደረገና፣ «ግሩም ነው። የጥሩነሽን ስም ብቻ አውጣው፤ ዘፈኖቿ ይቆዩ» አለኝ። ጥሩነሽ ማለት ለአርበኞች ዘፈንሽ ብለው ጣሊያኖች የገደሏት አዝማሪ ናት። ደሜ ፈላ።

«በማን ስም ይውጡ ታዲያ ጌታዬ?»

«በእኔ ነዋ!» አለኝ፣ ትንሽ እንኳ ሳያፍር።

ወረቀቶቹን ከእጁ መንጭቄ፣ «የገደሏት እንኳ ዘፈኗን የኛ ነው አላሉም!» ብዬው ወጣሁ። የመጣው ይምጣ ብዬ ቤቴ ገባሁና፣ የቅዱሳን ስም በሚጻፍበት ቀይ ቀለም፣ ጥሩነሽ እያልኩ በየገጹ አናት ላይ ጻፍኩት።