ተመርጠው የቀሩት አብራሪዎች

ከዱርቤቴ ወደ ባሕር ዳር በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጠ አንድ ተማሪ አጠገቡ ለተቀመጡት መነኩሴ ከስልኩ ያነብላቸዋል።

«ሰው ወደ ጠፈር ለመላክ መጀመሪያ ከተነሡት አንዱ የአሜሪካ አየር ኃይል ነው፣ አባ። አብራሪዎችም መርጦ ነበር።»

«እንዴት ሊመልሳቸው ኖሯል?»

«እሱ ገና እየተጠና ነበር።»

«ፍትሐት ተደረገላቸው?»

«በሕይወት ላለ ሰው?»

«እኔ ስመነኩስ ተገንዤ ተደርጎልኛል። ከዓለም የሚወጣ እንዲያ ነው።»

«አብዛኞቹ ግን ሳይሄዱ ቀሩ፤ ሥራው ከጦሩ ተወሰደ።»

«እና እቤታቸው ገቡ?»

«ገቡ።»

«ከዚያ በኋላ ሰማዩን ቀና ብለው ያዩት ነበር?»

«እሱን አልጻፉትም። ለምን ጠየቁኝ?»

«የእናቴ ቤት መራዊ መንገድ ዳር ነው፣ ልጄ። በዚያ ሳልፍ ቀና ብዬ አላይም።»

መራዊ ስንደርስ እኔ በእሳቸው ፈንታ በመስኮቱ አየሁ።