ለሞተር ዋስ መጥራት

የግንቦት ወር እየተገባደደ ነበር። እናቴ ጤፍ አይተህ ና ብላኝ እህል በረንዳ እንደ ደረስኩ ዝናቡ ሳይታሰብ ወረደ። ነጋዴዎቹ ጆንያቸውን በሸራ ለመሸፈን ሲሯሯጡ እኔ ከአንድ መጋዘን የቆርቆሮ ክፈፍ ሥር ተጠለልኩ። የእህሉ ብናኝ ገና ከአየሩ አልጠፋም ነበርና፣ እሱና ዝናቡ ተደባልቀው መንገዱን በሕልም እንደሚታይ መንገድ አደበዘዙት። ከዚያ ጭጋግ ውስጥ አንድ ሽማግሌ የጨርቅ ጥቅል በደረታቸው አቅፈው ብቅ አሉ። ጎረቤቴ ጋሼ ጠሃ መሆናቸውን የለየሁት አጠገቤ ቆመው ከቆባቸው ላይ ውሃውን ሲያራግፉ ነው።

ጋሼ ጠሃ በወጣትነታቸው ከወሎ መጥተው መርካቶ ውስጥ ያረጁ ልብስ ሰፊ ናቸው። ባለቤታቸው እትዬ ዙህራ ጉልበታቸውን ታመው አልጋ ከያዙ ወዲህ የስፌት መኪናቸውን ከገበያ አንስተው ቤት አስገብተዋል፤ ከአልጋው አጠገብ ተቀምጠው ይሰፋሉ። ቤታቸው አማኑኤል አካባቢ ከእኛ ጋር በአንድ አጥር ይዋሰናል። ወለሉ ከመሬት ከፍ ብሎ በጣውላ የተሠራ አሮጌ ቤት ነው። ከጣውላው ሥር ሰው በደረቱ ተስቦ ብቻ የሚገባበት ክፍት ቦታ አለ። ቦታው ረባዳ በመሆኑ ክረምት በገባ ቁጥር ከዚያ ውሃ ይመነጫል። ልጃቸው ኢስሐቅ ለሥራ አሰብ ከሄደ በኋላ የላከላቸው የውሃ መሳቢያ ሞተር እዚያ ተቀምጦ ውሃውን ወደ ውጭ ቦይ ያወጣል። ያወጣል ይባላል።

«አስናቀው! አንተንም ያዘህ?» አሉኝ እየሳቁ።

«ያዘኝ ጋሼ። እንደምን ዋሉ? እትዬ ዙህራስ እንዴት ናቸው?»

«አልሐምዱሊላህ። ጉልበቷ ያው ነው። ሐኪሙ እርጥበት እንዳይነካት ይላል፤ እርጥበት ደግሞ እኔን አስፈቅዶ አይገባም።» ወደ ዝናቡ ዞር ብለው ዓይናቸውን ከደን አደረጉ። «ቢሆንም ደግ ዝናብ ነው። ዛሬ ማታ ከወለሌ ሥር መዝፈን ይጀምራል።»

«ማን ነው የሚዘፍነው?»

«ውሃው ነዋ! ጎኔን ሳሳርፍ ከሥሬ ኩልል ይላል። ያኔ መርካቶ የለሁም። ቦርከና ዳር ነኝ። እናቴ ከማዶ ሆና ትጠራኛለች፤ ልሻገር ስል ይነጋል።»

ይህን ሲናገሩ ፊታቸው የልጅ ፊት መሰለ። የማስበውን ለመናገር አፈርኩ። ኮሌጅ የተማርኩት የሕንፃ ሥራ ነው፤ ከጣውላ ሥር የተኛ ውሃ ዘፍኖ ብቻ እንደማይሄድ አውቃለሁ። ግን የሰውን ሕልም ያለ ጥንቃቄ መንካት አይገባም።

«ጋሼ፣ ሞተሩ እየሠራ ውሃው ከየት መጥቶ ይዘፍናል?» ስል ቀስ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ሞተሩም እምምም እያለ ያጅበዋል። ደህና ነው።»

«ማን አይቶት?»

«ደህና የሆነ ነገር ምኑ ይታያል? አንተ ሳያምህ ሐኪም ቤት ትሄዳለህ? ሟርት አትጥራብኝ!»

እኔም አንድ ነገር ነገርኳቸው። በሰፈራችን የተቋቋመው የሙያተኞች ኅብረት ሥራ ማኅበር ለእንዲህ ዓይነት ሞተሮች የዓመት የጥገና ዋስትና ይሰጣል። ሠራተኞቹ ክረምት ሳይገባ አንድ ጊዜ፣ ክረምት ሲወጣ አንድ ጊዜ መጥተው ያጸዳሉ፤ በመካከሉ ቢበላሽ ደግሞ ተጨማሪ ሳይጠይቁ ይጠግናሉ። «ዋስትና» የምትለዋ ቃል ከአፌ ስትወጣ የጋሼ ጠሃ ፊት ተለወጠ።

«ምን አልክ? ዋስ? ሞተሬ ምን አጥፍቶ ነው ዋስ የሚጠራው? ሰረቀ? ሰው ደበደበ?»

ከጆንያዎቹ ኋላ የነበሩት ተሸካሚዎች ሳቁ። «በአሻጥር ተጠርጥሮ ይሆናላ!» አለ አንዱ። ጓደኛው በክርኑ ጎሸመውና ሳቁ ወዲያው ሞተ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ቀልድ ጮክ ተብሎ አይቀለድም ነበር።

ዝናቡ ጋብ ሲል አብረን ወደ ሰፈራችን ተነሣን። ጥቅሉን ልያዝልዎት ብል እምቢ አሉ። ጥቂት ከሄድን በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተናገሩ።

«እነዚያ ሳቁ፤ አያውቁም። ኢስሐቅ ቀበሌ በተያዘ ጊዜ ዋስ አምጣ ተባልኩ። ያችን ቃል ይዤ በር ለበር ዞርኩ። ኮታቸውን የሰፋሁላቸው ሰዎች እቤት እያሉ የሉም አስባሉኝ። መጨረሻ ላይ የቆመልኝ ያንተ አባት ነው፤ አላህ ይማረው። ከዚያ ወዲህ ያቺ ቃል ከቤቴ እንድትገባ አልወድም።»

ይህን አላውቅም ነበር። አባቴ ለሰው ያደረገውን የሚያወራ ሰው አልነበረም።

«ጋሼ፣ አባቴ ዋስ ሲቆም ኢስሐቅ ጥፋተኛ ነው ብሎ ነበር?»

«እንዴት ተብሎ! ልጁን ስለሚያውቀው ነው እንጂ።»

«እንግዲያስ ሰው ዋስ የሚቆመው ለሚያውቀውና ለሚያምነው ነገር ነው። ማኅበሩም እንደዚያው ነው የሚለው፦ ይህን ሞተር ከፍተን አይተነዋል፣ አውቀነዋል፣ ቢያቆም እኛን ጠይቁ። ይህ ዋስ ተከሳሽ የለበትም ጋሼ።»

«አፍህ ደህና ተምሯል» አሉና ፈገግ አሉ፤ ግን አልተሸነፉም።

ከቤት ስንገባ እትዬ ዙህራ አልጋቸው ላይ ተደግፈው ተቀምጠው ነበር። አልጋው ከስፌት መኪናው ትይዩ፣ ጣውላው ከጠቆረበት ጥግ ነው።

«የኢስሐቅ አባት፣ እንዲህ በስብሰህ ከየት ትመጣለህ?» አሉ።

«ከክርክር ነው የምመጣው። ይህ ልጅ ለሞተራችን ዋስ ካልጠራሁ ብሏል።»

«ለሞተሩ ከተገኘ ለጉልበቴም ይጥራልኝ።»

ሳቅን። ጋሼ ጠሃ ጥቅላቸውን አስቀምጠው ከመኪናቸው ኋላ ተቀመጡና ክርክሩን ቀጠሉ።

«ስማኝ አስናቀው፣ ደህናን ነገር ማስነካካት ሟርት ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ጠጋኝ ጠራሁ። ደህና የነበረውን ሽቦ በጥሶ ሄደ፤ ከዚያ ለሽቦው ብሎ ተመልሶ መጣ። ጠጋኝ የሚበላው ከብልሽት ነው። ለዓመት ብትከፍለው ደግሞ ገንዘቡን ይዞ ተኝቶ ይከርማል። በየት በኩል ልመነው?»

ይህ ጥያቄ ቀላል አልነበረም። ተምሬአለሁ የሚል ሰው እንዲህ ያለውን ጥያቄ የኋላ ቀርነት ብሎ ሲያልፈው አይቻለሁ፤ እኔ ግን ጋሼ ጠሃ እውነት እንዳላቸው አመንኩ።

«ልክ ነዎት። በብልሽት የሚከፈለው ሰው ብልሽት ይናፍቃል። በዓመት ውል ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሞተሩ በተበላሸ ቁጥር የሚደክመው እሱ፣ ዕቃውን ከኪሱ የሚተካው እሱ ነው። ስለዚህ ሳይበላሽ እንዲከርም ከርስዎ ይልቅ እሱ ይጸልያል። ተኝቶ እንዳይከርም ደግሞ መቼ መቼ እንደሚመጣ በውሉ ማስገባት ነው። ቀኑን የማይናገር ዋስ ከሆነ እኔም አይፈርሙ እልዎታለሁ።»

ሊመልሱልኝ ሲሉ በሩ ተንኳኳና ሸዋርካብሽ የምትባል የጓሮ ጎረቤታችን የተማሪ ሱሪ ይዛ ገባች።

«ጋሼ ጠሃ፣ ስፌትዎ ከዳኝ! ልጁ አጥር ሲዘል ከኋላው ተተረተረ፤ መምህሩ ሳይቀር ሳቀበት።»

«ስፌቴን ለአጥር መዝለያ ነው እንዴ የሸጥኩልሽ?» አሉ፤ ግን ሱሪውን ተቀብለው እየገለበጡ አዩት። ከመሳቢያቸው ዘይት አውጥተው መኪናቸውን አጠጡና ስፌቱን ደርበው ሰፉት። ሸዋርካብሽ መቀነቷን ስትፈታ እጃቸውን አወዛወዙ።

«ተይ! እኔ የሰፋሁት ነው። ዓመት እስኪሞላው ቢተረተር ወደኔ ነው የምታመጪው።»

እሷ መርቃ እንደ ወጣች እትዬ ዙህራ ሆዳቸውን ይዘው መሳቅ ጀመሩ።

«ምን ያስቅሻል?»

«አሁን ምን ሆንክ? ዋስ ሆንክ እኮ! ለሱሪ ዋስ የቆመ ሰው ለሞተር ነውር ነው ይላል! መኪናህንስ ሐሙስ ሐሙስ ዘይት የምታጠጣት ታማብህ ነው? ሟርት እየጠራህባት ነዋ!»

ጋሼ ጠሃ አፋቸውን ከፈት አድርገው መኪናቸውን አዩ። ውጭ ዝናቡ እንደገና ጀመረ። ትንሽ ቆይቶ ከእግራችን ሥር፣ ከጣውላው በታች፣ ኩልል የሚል ስስ ድምፅ ተሰማ። ሦስታችንም አዳመጥን። እውነትም የሚያምር ድምፅ ነበር። ክፍሉ ቀስ ብሎ ከመርካቶ ተነቅሎ የሚንሳፈፍ ይመስል ነበር።

«ይኸው» አሉ ጋሼ ጠሃ በሹክሹክታ። «ይህን ነው አድርቀው የምትለኝ። ይህ ከጠፋ እናቴን ከየት አገኛታለሁ?»

እንግዲህ እውነተኛው ምክንያት ይህ ነበር። የመለሱት እትዬ ዙህራ ናቸው፤ ሳቃቸው ጠፍቷል።

«የኢስሐቅ አባት፣ አንተ ቦርከናን በጆሮህ ትሰማዋለህ። እኔ የምሰማው በጉልበቴ ነው። አንተ ሲነጋ ትመለሳለህ፤ እኔ እዚያው ውሃው ውስጥ ነኝ።»

ጋሼ ጠሃ ከወንበራቸው ወርደው ከአልጋው ሥር መዳፋቸውን ጣውላው ላይ አኖሩ። ሲያነሡት ረጥቧል። እጃቸውን ገልብጠው አዩት፤ ሚስታቸውን አላዩም።

«ነገ ጥራልኝ፣ ያንን ዋስ» አሉኝ።

በማግሥቱ ከማኅበሩ ገብረ ኢየሱስ የሚባል ባለሙያ መጣ። ባትሪውን አብርቶ በደረቱ እየተሳበ ከወለሉ ሥር ገባ። ቆየት ብሎ ድምፁ ከጣውላው በታች መጣ፦ «ሞተሩ ይጮኻል እንጂ ውሃ አይስብም! አፉ ላይ ያለው ወንፊት ታፍኗል።» ሲወጣ በእጁ የያዘውን ጭቃ የለበሰ ነገር በባልዲ ውሃ አጠበው። ጭቃው ሲለቅ ቀለም እየወጣ መጣ፤ የተማሪ ሰማያዊ፣ የካኪ ቢጫ፣ የዒድ ቀሚስ አረንጓዴ። ክር ነበር። ጋሼ ጠሃ ቤት ውስጥ መስፋት ከጀመሩ ወዲህ ቆርጠው የጣሉት ክር ሁሉ በጣውላው ስንጥቅ ወርዶ፣ ውሃው እየነዳ አምጥቶ በወንፊቱ ላይ ጠምጥሞታል።

«ይህማ የኔ ክር ነው!» አሉ ጋሼ ጠሃ። ክሩን ተቀብለው በጣታቸው እያፍታቱ ቆሙ። «ለካ ዋስ የሚያሻው ሞተሩ አይደለም፤ ተከሳሹ እኔ ነኝ!»

«በርስዎም ቢሆን እንፈርማለን» አለ ገብረ ኢየሱስ እየሳቀ። ከዚያ ውሉን እንዲህ ሲል አስረዳቸው። ግንቦትና መስከረም ላይ ሳይጠሩት ይመጣል፤ ወንፊቱን፣ ሽቦውንና ውሃ ከፍ ሲል ሞተሩን የሚያስነሣውን ተንሳፋፊ ኳስ ያያል። የመንገዱ ቦይ ሞልቶ ውሃ በበር ቢገባ ግን ማኅበሩ አይጠየቅም። ሌላ ሰው ሞተሩን ከነካውም ዋስትናው ይቀራል። ከስፌት መኪናው ሥር ደግሞ ሸራ ይነጠፋል። ጋሼ ጠሃ ሁሉንም ደግመው ጠየቁና «ቢስሚላህ» ብለው ፈረሙ።

ክረምቱ እንደ ወትሮው ከባድ ነበር። ነሐሴ ላይ ኳሱ ተጣብቆ ሞተሩ አንድ ቀን ቆመ፤ በተጠራ ዕለት ገብረ ኢየሱስ መጥቶ አዲስ አስገባበት፤ ስለ ክፍያም ያነሣ የለም። ያን ዓመት ሻጋታ ልብሱን አልነካም፤ የጠቆረው ጣውላ ደረቀ፤ ለወለል ማሳደሻ የሚወጣውም ወጪ ቀረ። አንባቢ ሆይ፣ ከወለል ሥር ያለ ዕቃ ስለማይታይ ይረሳል፤ ስለሚረሳም የሚታወሰው ቤቱን ካበላሸ በኋላ ነው። የዓመት የጥገና ዋስትና ጥቅሙ በእኛ ፈንታ የሚያስታውስ ሰው ማቆሙ ነው። እርግጥ ነው፣ ሁሉም ውል ደግ አይደለም፤ ምን እንደሚሸፍንና ምን እንደማይሸፍን መጠየቅ የፈራሚው ድርሻ ነው።

መስከረም ጠብቶ ጋሼ ጠሃን አትክልት ተራ አገኘኋቸው፤ ለእትዬ ዙህራ ብርቱካን ይመርጡ ነበር።

«እንግዲህ ዝምታውን ለመዱት?» አልኳቸው።

«መጀመሪያ ላይ እንቅልፍ ነሣኝ። ቤቱ ጭጭ አለብኝ። እናቴን ባሕር የወሰደብኝ መሰለኝ፤ አንተንም በሆዴ ረገምኩህ።» ብርቱካኑን በመዳፋቸው እየመዘኑ ቆዩ። «አንድ ቀን ሊነጋጋ ሲል ድምፅ ሰማሁ። ከወለሉ ሥር አይደለም፤ ከወለሉ ላይ ነው። ጠብ፣ ጠብ፣ ይልና ያርፋል። ዙህራ ናት፤ ግድግዳውን ይዛ ትራመዳለች። ደንግጣ እንዳትቀመጥብኝ ብዬ የተኛ መስዬ አዳመጥኳት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ጠራችኝ። እናቴ ሁልጊዜ ከማዶ ነበር የምትጠራኝ። ዙህራ ግን ከዚህ ዳር ሆና ነው፤ ነግቷል ተነሥ ብላ።»