ከትልቁ ኒም ፊት ለፊት

አህለን ሸዌ! ነይ፣ በዚህ በኩል ተቀመጪ… ያኛው በርጩማ፣ በንበሩ፣ ገመዱ ላልቷል፣ የተቀመጠበት ሁሉ ሳያስበው መሬት ይስማል። ትናንት አንዱን የረክሻ ሹፌር ከነብርጭቆው አስቀመጠልኝ፤ ስስቅ ስስቅ ጎኔን ሲያመኝ አደረ። እንዴት ነሽ? የስፌት መኪናሽ ተሠራች? አልሐምዱሊላህ። ጉልበትሽስ? በናዕናዕ ላድርግልሽ በዝንጅብል? ስኳሩን ቀንሺልኝ ብለሽኝ ነበር… እኔ ደግሞ ስኳር ሲያንስብሽ ፊትሽ እንዴት እንደሚጨማደድ ስለማውቅ እንደ ድሮው አድርጌዋለሁ። ማዕሌሽ፣ አትቀየሚኝ።

ሙቀቱን አየሽው? ገና የዙህር ሶላት ሳይደርስ! ከማዶ እስከዚህ ስትሻገሪ ጫማሽ አስፋልቱ ላይ አልተለጠፈም? እዚህማ ደህና ነው፣ እዚህ ነፋስ አለ።

ይሄ ከማዶ ይዘሽው የመጣሽው ምንድን ነው? ወረቀት ነው? … አይ፣ እኔ የመሐሊያ፣ የወረዳ ወረቀት ማንበብ የት አውቄ። ሰማሁ ብቻ። የመንገዱ ኮሚቴ፣ ለጅናው፣ ዛፍ ሊያስነሳ ነው፤ አሮጌው ኒም ተቆርጦ አዲስ ሊተከል ነው፤ መሐንዲሱ ከዐሱር ሶላት በኋላ የመቁረጫ ምልክት ሊቀባባት ቀይ ቀለሙን ይዞ ሊመጣ ነው፤ የሦስት ጎረቤት ፊርማ ያስፈልጋል፣ ሁለቱ ፈርመዋል፣ ቤቷ ከዛፏ ጎን ስለሆነ የቀረችው ሸዋአለም ናት… ይሄን ብቻ ነው የሰማሁት። ሌላ ምንም አልሰማሁም።

ፈርሚ። እኔ አትፈርሚ አልልሽም። የኔ ነገር ምን አለው? አሥራ ስምንት ዓመት ከዚች ዛፍ ሥር ሻይ ሸጫለሁ። ዛፏ ከሄደች እኔም ምድጃዬን ተሸክሜ እሄዳለሁ፤ በዚህ ፀሐይ ሜዳ ላይ ተቀምጦ ሻይ የሚጠጣ እብድ የለም። ቡሪ ሰፈር ይሁን አል-ሳሃፋ፣ አንድ ጥግ አይጠፋም። በኔ ዕድሜ ጥግ መፈለግና ደንበኛን እንደ አዲስ መልመድ ለጤናም ጥሩ ነው አሉ፣ እግር ያፍታታል…

እኔ ላወራሽ የፈለግሁት ስለ ሌላ ሰው ነው። አንቺ አታውቂያትም። አንዲት ሴት ናት። ጎበዝ! ወላሂ ጎበዝ። እንዲህ ለመንገድ የሚያስብ ሰው ሳይ እንባዬ ይመጣል። … ለምን ወደ ማዶ ታያለሽ? ማዶ ካፍቴርያ ነው ያለው፣ በሩ ላይ አንዲት ሴት ስልኳን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ቆማለች። ስልኩ አልበራም፣ እሷ ግን እያወራች ነው። እሷን አይደለም የምልሽ፣ የኔዋ ሌላ ናት። ድምፄን ልቀንስ? ለምን ስል፣ ሐሜት ሆነ እንዴ? ምስጋና እኮ ነው! ምስጋና ጮክ ሲባል ነው የሚያምረው።

ይቺ ሴት ንጽሕና ትወዳለች። ኒም ደግሞ ቅጠል ይጥላል፣ ወፍ ያሳርፋል፣ ወፍ ደግሞ… ያው ወፍ ነው፣ የማን ጠረጴዛ ልብስ እንደሆነ አይጠይቅም። የዛፏ ሥርም የበረንዳዋን ሸክላ አነሳባት። ከሁሉ የከፋው፣ ያንን በመብራት የሚጽፈውን አዲሱን ማስታወቂያዋን ጋረደችባት። በቀን ሦስት ሰዓት መብራት በሚመጣበት ከተማ ማስታወቂያ መጋረድ ሐራም አይደለም? ሐራም ነው! እና ምን አሰበች? አሮጌዋ ትነሳ፣ ዘንባባ ይተከል፣ መንገዱ እንደ ዱባይ ይሁን። እሷ ዱባይን ያየችው በስልክ ነው፤ ግን አንዳንድ ሰው ሳይሄድም ይደርሳል፣ እንደዚያ ያለ ልብ አላህ ለሁሉም አይሰጥም።

ናሙናውንማ አይተሻል፣ ማነው ያላየ። አንድ ለናሙና ብላ ከበሯ ላይ ተክላለች። ይሄውልሽ፣ ቁመቱ ከማንቆርቆሪያዬ ትንሽ ይበልጣል። የመጀመሪያውን ፍየል በላው፣ ማዕሌሽ አልን። ሁለተኛው ሲተከል ያችው ፍየል ልጆቿን ይዛ መጣች፣ ጣፍጧት ነው መሰለኝ። ለሦስተኛው የብረት አጥር ተሠራለት፣ ምን አጥፍቶ እንደታሰረ እንጃ። ፍየሉ ቀረ፣ ፀሐዩ መታው። ፀሐዩ ሲመታው ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ጃንጥላ! ሸዌ፣ ወላሂ ጃንጥላ አቆመችለት! ለመንገዱ ጥላ ይሆናል የተባለው ዛፍ ይሄው ለራሱ ጥላ ተይዞለት ቆሟል። አትሳቂ… ሻይሽ ይደፋል። አትሳቂ አልኩሽ፣ ታይሻለሽ! እኔ እንኳ ጠዋት ጠዋት እየሄድኩ ውኃ ጠብ አደርግለታለሁ፣ ያሳዝነኛል፣ እሱ ምን አጠፋ። ብቻ አሁን ባለው ጥላ ከሥሩ አንድ ጉንዳን ቢያርፍ ነው፣ ሁለተኛው ተራ ይጠብቃል።

ደግሞ አስተዋይ ናት። ባለፈው ጁምዓ ለጅናውን ስለዛፏ ምከሩ ብላ ካፍቴርያዋ ጠራቻቸው። ቆርቆሮው ሥር አሥር ደቂቃ ቢቀመጡ ነው። የሊቀመንበሩ ላብ ወረቀቱ ላይ ጠብ ጠብ ሲል አንድ በአንድ ወንበራቸውን እየጎተቱ ወዴት መጡ? ወደዚህ! ከዛፏ ሥር ተቀምጠው፣ የኔን ሻይ ጠጥተው፣ "ይቺ ዛፍ ጥቅም የላትም" ብለው ጻፉ። ጥላው ሲዞር እነሱም ወንበራቸውን ይዘው ይዞራሉ። ስብሰባው እዚህ ተጀምሮ ኢስሐቅ ሱቅ በር ላይ አለቀልሽ።

እውነት ለመናገር ዛፏም አብዝታዋለች፣ ዕድሜዋን አትቆጥርም። በጦርነቱ ጊዜ ጋዝም ከሰልም ሲጠፋ የዚህ መንገድ ኒም ሁሉ ምድጃ ገባ። አሥራ አንድ ነበሩ። አንቺ ያኔ ገዳሪፍ ነበርሽ፣ አላየሽም። ይቺ ለምን ቀረች? እኔ ውሸታም ስለሆንኩ! መጥረቢያቸውን ይዘው ሳይመጡ ከሥሯ አፈር ከመርኩ፣ ከቀሚሴ ቀይ ቁራጭ ቀድጄ አሰርኩባት፣ ሲመጡ "ወደኋላ! ያልፈነዳ ቦምብ ወድቆባታል፣ በዓይኔ አይቻለሁ!" ብዬ ጮህኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ የነካት የለም። ፍየሎቹ ራሳቸው ዞረው ነበር የሚያልፉት! ዛሬም አንዳንዱ ደንበኛ ከመቀመጡ በፊት መሬቱን ያያል። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ከዋሸሁት ሁሉ ግን ያቺን ውሸቴን እወዳታለሁ።

እኔ የምልሽ… ማመልከቻውን አንብበሽዋል? ለኔ ኦሊያድ ነው ያነበበልኝ፣ ወረቀት የሚጽፍልን። ከላይ የአመልካቿ ስም አለ፣ ስሙን ተዪው። ከስሙ ሥር አድራሻ ይላል። አድራሻው ምን ይላል? አንብቢው እስቲ። ጮክ በይ፣ ጆሮዬ ደከም ብሏል…

"ሳጃና፣ ከትልቁ ኒም ፊት ለፊት።"

ያ ረቢ! ሆዴን! ትልቁ ኒም ይነሳልኝ፤ አድራሻዬ፣ ከትልቁ ኒም ፊት ለፊት! ካርዷም ላይ እንደዚሁ ነው፣ አምስት መቶ አሳትማለች። ያ በመብራት የሚጽፈውም እንደዚሁ ነው የሚለው፣ መብራት ሲመጣ እዪው። ትናንት መሐንዲሱ መንገዱ ጠፍቶት "የት ጋ ነው የምመጣው?" ብሎ ሲደውልላት፣ በዚህ ጆሮዬ ነው የሰማሁት፣ "ከትልቁ ኒም ፊት ለፊት፣ ማንንም ጠይቅ" አለችው። ማንንም ጠይቅ! ነገ ዛፏ ስትነሳ ምን ልትል ነው? "ትልቁ ኒም ከነበረበት አጠገብ፣ ጃንጥላ ከተያዘለት ሣር ፊት ለፊት"? ሰው ወጥ ሊበላ መጥቶ ስንት ቀን ይዙር?

ምን ታደርጊያለሽ፣ ቤቱ ቁጥር የለው፣ መንገዱ ስም የለው። ስንታችን ነን ከመተማ ተነስተን "ሳጃና ስትደርሱ ከኒሟ ሥር ቁጭ በሉ፣ ሰው ይመጣላችኋል" ተብለን የመጣን? አንቺም እንደዚያ ነው የመጣሽው፣ እኔም። … አንዲት ልጅ ትዝ ትለኛለች። አሁን የት እንዳለች እንጃ። አንድ ፌስታል ይዛ መጣች። ይመጣልሻል ያሏት ሰው ስልኩን ዘጋ። ሦስት ቀን ይሄን ግንድ ተደግፋ ተቀመጠች። ፖሊስ ለከሻ፣ እኛን ሻይ ሻጮቹን ሊለቅም ሲመጣ ከግንዱ ጀርባ ደበቅኋት… ያኔ ግንድ ይደብቃት ነበር። ቤቴ ወሰድኳት፣ ከልጄ ጋር አስተኛኋት። ሻይ ማፍላት ያስተማርኳት እኔ ነኝ፣ የዝንጅብሉ ልክ ብቻ እስከ መጨረሻው አልገባትም። ባሏንም ያገኘችው እዚሁ ነው፣ አንቺ አሁን በተቀመጥሽበት ቦታ። እንደዚያች ልጅ ውለታ የማይረሳ ሰው ከየት ይመጣል? ይሄን ማመልከቻ ብታይ ኖሮ አብዳ ነበር። "የናስራን ዛፍ ማን ደፍሮ ይነካል!" ብላ መንገዱ መሐል ትተኛ ነበር። አይደለም እንዴ? … ናፈቀችኝ ሸዌ። ይሄን ያልኩሽ ለቀልድ አይደለም፣ እውነት ናፈቀችኝ።

ተዪው፣ ተዪው፣ ዛሬ ማዘን አልፈልግም። ባል ካነሳሁ… የዚችኛዋ፣ የጎበዟ ሴት ባልም መልካም ሰው ነው፣ ዝምተኛ። "አሮጌው ይነሳ፣ በአዲስ ይተካ" የሚለውን ከሚስቱ አፍ ጠዋትና ማታ ይሰማል። እስካሁን ስለ ዛፍ ብቻ መስሎታል። ወንድ ልጅ ትምህርት ቶሎ አይገባውም፣ ከገባው ግን አይጣል ነው! ሰሞኑን ጢሙን ሒና መቀባት ጀምሯል አሉ… እኔ ምን አውቃለሁ፣ ለንጽሕና ይሆናል።

እንዴ፣ እስክሪብቶውን ወዴት ነው? ቦርሳሽ ውስጥ? … ሸዌ! እኔ እኮ ፈርሚ ነው ያልኩሽ! አሁን ይቺ ሴት ምን ልትል ነው፣ ናስራ ሐሳቧን አስቀየረቻት ልትል አይደል? እኔ ምን አልኩ? ከማመስገን በቀር አንዲት ክፉ ቃል ከአፌ ወጥታለች? መስክሪልኝ! እንግዲህ ካልፈረምሽ አልፈረምሽም። መሐንዲሱም ሲመጣ ሻይ ይጠጣል፣ ቀለሙን ይዞ ይመለሳል፣ ምን ይደረጋል። ያ ሰላም… ሻዩን ደፋሁት። ብርጭቆውን ተቀበይኝ እስቲ። ሳቅ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም።

ውይ፣ መጣች። ስልኳን ዘግታ እየተሻገረች ነው። ፊቷን እንዲህ ያቀላው ፀሐዩ ነው፣ ምስኪን። ጠጋ በይላት። ወረቀቷን ስጪያት፣ በሁለት እጅሽ፣ በክብር። ሳቅሽን ዋጪው አልኩሽ!

አህለን፣ አህለን የኔ እህት! ምነው በዚህ ሐሩር? ግቢ፣ ወደ ጥላው ግቢ… ግንዱን እንደ ድሮሽ ደገፍ በይ፣ ይመችሻል። ሻይ ልቅዳልሽ። እኛማ ስለ አንዲት ጎበዝ ሴት እያወራን ነበር፣ አንቺ አታውቂያትም። ዛሬ ደስ ብሎኛል፣ ደስ ሲለኝ ደግሞ ምርቃት ይመጣልኛል። እጅሽን ዘርጊ እስቲ፣ ልመርቅሽ። አላህ ረጅም ዕድሜ ይስጥሽ። ጤናውን ያብዛልሽ። አርጅተሽ፣ ሸብተሽ፣ ልጆችሽን ሁሉ ከጥላሽ ሥር የምታሳድጊ ያድርግሽ። ልጆችሽም… አንድም ሳይቀር… ውለታ በመመለስ አንቺን ይውጡ።

አሚን በይ እንጂ።