የቤቱ አፍ የሆነች ልጅ

የድሮ ባልንጀሮች ብዙ ጊዜ የሚገናኙት ወይ በሠርግ ወይ በለቅሶ ነው። እነዚህ ሁለት ሽማግሌዎች ግን የተገናኙት በጤና ጣቢያ አግዳሚ ወንበር ላይ ነው፤ አንዳቸው ወገባቸውን፣ ሌላው ደረታቸውን ይዘው።

ወገባቸውን የያዙት አባ እቶን ይባላሉ። የጡብ ፋብሪካውን እሳት አርባ ዓመት ሲያነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ስሙ የወጣላቸው ከሥራቸው ይሁን ከቁጣቸው እስከ ዛሬ የለየ የለም። አብራቸው የመጣችው ምራታቸው በአንድ ሆቴል አንሶላ የምታጥብ፣ ሰው ፊት ድምፅዋ የማይሰማ ሴት ናት። የዚያን ዕለት ጠዋት ግን ዓይኗ ግድግዳው ላይ ካለው ሰዓት አልነቀል ብሎ ነበር። ልጇን ሳትይዝ መጥታለችና።

ነገሩ እንዲህ ነው። እነሱ በሚኖሩበት በታች ረድፍ ሰፈር ትምህርት ቤት የገባ ልጅ "የቤቱ አፍ" ይባላል። ቤተሰቡ ሐኪም ዘንድ ሲሄድ፣ መሥሪያ ቤት ሲጠራ፣ ደብዳቤ ሲመጣለት፣ ልጁ ከክፍል ይጠራና ያነባል፣ ይናገራል። የሰፈሩ አያቶች ከሩቅ አገር ለጡብ ሥራ ሲመጡ ከዚህ አገር ቋንቋ የያዙት ለገበያ የሚበቃውን ያህል ብቻ ነበር፤ ልጆቻቸውም ከክፍል እየተጠሩ ትምህርቱን ስላቋረጡ፣ የተማሩትን ረስተው ያንኑ ወረሱ። በአባ እቶን ቤት የቤቱ አፍ የአሥራ አራት ዓመቷ የልጅ ልጃቸው ናት። ዛሬ ሦስት ሰዓት ላይ ደግሞ፣ ከመንገዱ ማዶ ባለው ትምህርት ቤት፣ ወደ ሁለተኛ ደረጃ የሚያሳልፈውን ፈተና ትወስዳለች። ፈተናውን ያቋረጠ ዓመቱ ተቃጠለ ማለት ነው። በታች ረድፍ ደግሞ ዓመቷ የተቃጠለባት ሴት ልጅ ሁለተኛ ዕድል የላትም፤ እናቷ አጠገብ ቆማ አንሶላ ታጥባለች። እናትየዋ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። እሷም ከክፍል ወጥታ አንሶላ አጠባ የገባችው በዚሁ መንገድ ነው።

"ልጅቷ የት ቀረች?" አሉ አባ እቶን፣ በሩን በሩን እያዩ።

"ዛሬ ፈተና አላት፣ አባባ።"

"ፈተናው ይጠብቃታል! የማይጠብቀው የኔ ወገብ ነው። ማን ሊያነብልኝ ነው? ማንስ ሊናገርልኝ ነው? አንቺ?"

"እሞክራለሁ።"

"ስምንት ወር ማታ ማታ ፊደል ቆጠርሽና ዛሬ ከሐኪም ጋር ልትነጋገሪልኝ! ጉድ እኮ ነው! ሂጂ ጥሪያት ብዬሻለሁ!"

ከወንበሩ ወዲያኛው ጫፍ የተቀመጡ ሽማግሌ ሲያነቡት የቆዩትን ወረቀት አጥፈው ዘወር አሉ።

"ይህን ቁጣ አውቀዋለሁ" አሉ። "ጡብ የሚያበስል ቁጣ ነው።"

አባ እቶን ዓይናቸውን አጥብበው አዩ። "አንተ ሰዓት ሠሪ! አልሞትክም እንዴ?"

"መንገድ ላይ ነኝ። ወረፋው ረዘመብኝ።"

ሳቁና ተቃቀፉ። ሰዓት ሠሪው የላይ ረድፍ ሰው ናቸው። የላይ ረድፍ ሰዎች ዘራቸው ሌላ፣ የመጡበትም አገር ሌላ ነው፤ የመጡት ግን በዚያው ዓመት፣ ለዚያው እቶን ነው። ሁለቱን ሰፈሮች የሚለያቸው አንድ አጥር ነበር። ዛሬ የሚለያቸው ብዙ ነገር ነው።

"ብቻህን ነህ?" አሉ አባ እቶን። "አራት ልጅ ወልደህ?"

"አንዷ ነርስ ናት፣ አንዱ የመብራት ሠራተኛ፣ ሁለቱ ሱቅ አላቸው። ሁሉም ሥራ ላይ ናቸው።"

"አየህ? ላይ ረድፍ ማለት ይኸው ነው! የቤታችሁ ጣሪያ ያብረቀርቃል፣ ሽማግሌው ግን ብቻውን ወንበር ያሞቃል። በኛ ሰፈር ሰው ብቻውን አይታመምም።"

ሰዓት ሠሪው አልተቆጡም። "እውነትህን ነው" አሉ ቀስ ብለው። "ሚስቴ የሞተች ጊዜ ከናንተ ሰፈር የመጣው ለቀስተኛ ከኛው ይበልጥ ነበር። አልረሳውም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። አባቶቻችን በአንድ ዓመት መጡ፣ እኛም በአንድ አለቃ ዱላ ተመታን። ዛሬ ከኛ ሰፈር ልጆች እቶን ውስጥ የሚሠራ ስንት ነው?"

"ማን አለ? የለም።"

"ከናንተስ?"

የአባ እቶን የራሳቸው ልጅ፣ የምራታቸው ባል፣ በዚያች ሰዓት እቶኑ ውስጥ ጡብ እየጫነ ነበር።

"አለቃው እናንተን ይወድ ነበር" አሉ አባ እቶን። "ደግሞም ስስታሞች ናችሁ። አንድ ዳቦ ለሦስት ቀን!"

"ስስቱንስ አልክድም" አሉ ሰዓት ሠሪው ፈገግ ብለው። "ስስት ግን ነርስ አያደርግም። እኛን የለወጠን አንድ ወረቀት ነው። አባቴ በነበረበት ዘመን ፋብሪካው ፈርሙ ብሎ ወረቀት ላከ። እኛም እንደናንተ በልጅ ነበር የምናስነብበው። የአሥር ዓመት ልጅ ቆሞ አነበበልን፤ ያልገባውን መስመር አፍሮ ዘለለው። አባቶቻችን አጨብጭበው ጣታቸውን አሳረፉ። የዘለለው መስመር ‘ከሥራ የወጣ ቤቱን ይለቃል’ የሚለው ነበር። ክረምቱ ሳይወጣ የአንዲት መበለት አልጋ ውጭ ተጣለ። ያን ልጅ ማንም አልመታውም፤ እሱ ግን ከዚያ ወዲያ ቀና ብሎ ሰው አላየም። ያን ጊዜ ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ‘የኛን ወረቀት ልጅ አያነብም’ ብለው ማሉ። መጀመሪያ ማታ ትምህርት የገባው የስልሳ ዓመት ሰው ነበር።"

"በስተርጅና ከሕፃን እኩል ፊደል መቁጠር አያሳፍርም?"

"አንተ እሱ አሳፍሮህ ሕፃኗን ሽማግሌ አደረግሃት።"

ሰው የልማዱን ጉድለት ሲነግሩት ልማዱን ሳይሆን እናቱን የሰደቡበት ይመስለዋል። አባ እቶንም እንደዚያ ሆኑ። ዱላቸውን ተደግፈው ብድግ አሉ።

"ለአያት አፍ መሆን ክብር ነው! እኔም ለአባቴ ሆኜዋለሁ፣ ልጄም ለኔ ሆኗል። ራሴ ሄጄ እጠራታለሁ።"

በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ ደግ ሰው ነበር። "አይድከሙ አባቴ፣ እኔ ልጥራልዎት። የዚያኛውን በር ዘበኛ አውቀዋለሁ፤ ለሐኪም ነው ካልኩት ከክፍልም ቢሆን ያወጣታል" አለ።

ሰዓቱ ለሦስት አምስት ጉዳይ ይላል። እናትየዋ ተነሥታ በዘበኛውና በበሩ መካከል ቆመች። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ አማቷን "እምቢ" ብላ አታውቅም።

"ዛሬ አትጠራም" አለች።

"ምን አልሽ?"

"አባባ፣ ይማቱኝ ከፈለጉ። ልጄ ግን አትጠራም። ይቀመጡልኝና አንድ ነገር ልንገርዎት። ለወራት ደብቄው የኖርኩት ነገር ነው።"

ሽማግሌው አልተቀመጡም፤ አልሄዱምም። ሰዓት ሠሪው ነገሩ የቤት ገመና መሆኑን አይተው ሊነሡ ሲሉ "ይቆዩ አባቴ፣ ምስክር ይሁኑኝ" አለቻቸው።

"የማታ ትምህርት ቤቱ አስተማሪ ‘ቤታችሁ ያለ ወረቀት አምጥታችሁ አንብቡ’ አለን። እኔ ከሣጥን ያገኘሁት ባለቤትዎ እማማ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የታመሙ ጊዜ ከሆስፒታል የተሰጠንን ነበር። እሱን ለማንበብ ሳምንት ፈጀብኝ። ‘በሽታው መድኃኒት የሚመልሰው አይደለም፤ ለቤተሰቡ ተነግሯል’ ይላል።"

"ውሸት ነው!" አሉ አባ እቶን። "ያ ሐኪም ይድናሉ ነው ያለን! በመስከረም ይነሣሉ ነው ያለን! እሱን አምኜ አይደለም ሥራ የገባሁት? እሱን አምኜ አይደለም እኔ እቶን ዳር ቆሜ እሷ ያለኔ…" አልጨረሱትም።

"ሐኪሙ አልዋሸም፣ አባባ። ለቤተሰቡ ነግሯል። የነገረው ለማን ነው? ያኔ አፋችን ማን ነበረች?"

አባ እቶን ዱላቸውን ጨበጡ።

"ጠየቅኋት" አለች እናትየዋ፣ ድምፅዋ እየተሰበረ። "ያኔ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። ‘እማማ እጄን ይዛ ምን አለ ምን አለ ስትለኝ፣ ትሞቻለሽ ብዬ እንዴት ልንገራት?’ አለችኝ። ከዚያ በኋላ ውሸቷን ማን ፊት ታውጣው? ሦስት ዓመት ብቻዋን ተሸከመችው። እርስዎ ያንን ሐኪም በረገሙ ቁጥር እሷ ከማዕድ ትነሣ ነበር። እኔ ሆዷን ያመማት ይመስለኝ ነበር፤ እናቷ ሆኜ! አባባ፣ በኛ ሰፈር ሰው ብቻውን አይታመምም አሉ። ልጄስ?"

ከመንገዱ ማዶ ደወል ተደወለ። ሦስት ሰዓት ሆነ። ዘበኛው አቀርቅሮ ወደ ቦታው ተመለሰ።

አባ እቶን እንደ ደከመው ሰው ቀስ ብለው ተቀመጡ። ሰዓት ሠሪው ጠጋ ብለው እጃቸውን በባልንጀራቸው ጉልበት ላይ አደረጉ።

"ስንብቷን ነው የወሰድኩባት" አሉ አባ እቶን፣ ለማንም ሳይሆን። "የሚስቴንም። የልጅቷንም።"

ነርሷ ቁጥራቸውን ስትጠራ ምራታቸው የሕክምና ወረቀታቸውን ይዛ ተነሣች። እሳቸው ግን ወደ ሰዓት ሠሪው ዞሩ።

"አንተ ግባልኝ" አሉ በሹክሹክታ። "ለሷም የማልናገረው ነገር አለኝ። ወገቤ አይደለም የሚያመኝ። ሁለት ዓመት ወገቤን ስል የኖርኩት ሌላውን በሕፃን ልጅ አፍ እንዴት ልበለው ብዬ ነው። ምን ብዬ ልንገራት? ‘አያትሽ ሽንቱ እምቢ አለው’ ልበላት?"

"ሁለት ዓመት ሙሉ?" አሉ ሰዓት ሠሪው ደንግጠው።

"የሌለብኝን በሽታ መድኃኒት ስውጥ ኖርኩ።"

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተደጋግፈው ገቡ። ሲወጡ አባ እቶን አዲስ ወረቀት ይዘዋል። ሐኪሙ በሽታው በጊዜ ከተያዘ የሚታከም መሆኑን፣ ሁለት ዓመት መዘግየቱ ግን እንዳሳዘነው ነግሯቸዋል።

ሰዓት ሠሪውም ታክመው ሲያበቁ ሦስቱም ወደ ትምህርት ቤቱ በር ተሻገሩ፤ ፈተናው እስኪያልቅ ጥላ ሥር ቆሙ።

"ታዲያ ምን ይሻላል?" አሉ አባ እቶን። "ሁልጊዜ አንተን ይዤ አልዞር!"

"የማታው ክፍል ባዶ ወንበር አለው። ምራትህ መንገዱን ታሳይሃለች።"

"እሺ። ግን በነፃ አይደለም። እናንተም ሰው ሲታመም መጠየቅ ትማራላችሁ። ጣሪያ ብቻውን ቤት አይሆንም። ሽማግሌ ብቻውን ሐኪም ቤት ሲቀመጥ ሁለተኛ እንዳላይ።"

"እሱን እናንተ አስተምሩን" አሉ ሰዓት ሠሪው።

እንዳሉትም ሆነ። በዓመቱ ከታች ረድፍ ዘጠኝ ሽማግሌዎችና አሥራ ሰባት እናቶች የማታው ክፍል ገቡ፤ ማንበብ ያቃተው ሰው ቢኖር የላይ ረድፍ ጎልማሶች ተራ ገብተው አብረውት ይሄዳሉ እንጂ ልጅ ከክፍል አይጠራም። ሐኪም የሕመምተኛውን ነገር ከራሱ ከሕመምተኛው ይሰማል፤ ደብዳቤ ባለቤቱ ያነበዋል፤ ልጆችም እንደ ልጅ ይማራሉ። በላይ ረድፍም ሽማግሌ ሲተኛ ከአጥሩ ወዲህም ወዲያም ሰው ይመጣል። አንዱ ሰፈር ከሌላው የተሻለ ደም ኖሮት አይደለም፤ አንዱ የሚያውቀውን ሌላው ሳያውቅ ስለኖረ ነው። እናት የሆነች ሁሉ ይህን ታስብበት፦ ልጅ የሚችለው ሸክም ልክ አለው፤ ከልኩ ያለፈውን ወላጅ ራሱ ይሸከመው።

ይህ ሁሉ ግን የኋላ ነገር ነው። የዚያን ዕለት ስድስት ሰዓት ላይ በሩ ሲከፈት ልጅቷ ከተማሪው መካከል ወጣች። አያቷን ስታይ ፊቷ አመድ መሰለ፤ ሮጣ መጥታ እጇን ዘረጋች።

"አያቴ! ምን አሉህ? አምጣው፣ ላንብብልህ።"

አባ እቶን ወረቀቱን ወደ ደረት ኪሳቸው ከተቱ።

"ይሄ የኔ ነው" አሉ። "ይልቅ ፈተናው እንዴት ነበር?"

ልጅቷ ያልሰማች መሰለች። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከአያቷ አፍ ወጥቶ አያውቅም። እናቷን አየች፤ እናቷ ታለቅሳለች።

"እናትሽ ነገረችኝ" አሉ ሽማግሌው። "የእማማን ነገር። ያጠፋሽው የለም፣ የኔ ልጅ። ትልልቆቹ ኋላ ቆመን ትንሿን ፊት አሰለፍናት፤ ጥፋቱ እሱ ነው። አፉ በይኝ።"

የልጅቷ ትከሻ ሲወርድ ታየ። የዘረጋችው እጅ ግን ገና አልታጠፈም ነበር። አባ እቶን ያዙትና የቤቱን መንገድ ጀመሩ።

"እህስ? ፈተናው?" አሉ እንደገና።

"ሒሳቡ… ሒሳቡ ከብዶኝ ነበር" አለች፣ መጀመሪያ በቀስታ። ከዚያ ስለ ሁለተኛው ጥያቄ፣ ስለ አጠገቧ ስለ ተቀመጠችው ልጅ፣ ስለ ተሰበረው እርሳሷ ነገረቻቸው። ሰፈር እስኪደርሱ ድረስ ዝም አላለችም።