የማርሱ ጭራቅ «አቤት» አለ

ከዲላ ወደ ይርጋጨፌ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጠ ተማሪ ከጎኑ ላሉት እናት ስልኩን ያሳያቸዋል።

«ይሄን ጉድ ይዩልኝ እማማ። አስፈሪ ፊልም ተብሎ እኮ ነው!»

«ምንድን ነው እሱ?»

«ከማርስ የመጣ ሰው በላ ጭራቅ ነው አሉ። ፊቱ ላይ ያጠለቀው ግን የተቆረጠ ጀሪካን ነው። ማርስም ጀሪካን አለ ማለት ነው?»

«በምን መጣ?»

«በቡና መፈልፈያ! እዚሁ አሪቻ ያለ ማሽን ነው። ገለባው እንኳን አልተጠረገለትም።»

«አላስፈራህም?»

«ምኑ ያስፈራል! ልጅቷን አንቆ ሊበላት ሲል፣ ከጀርባ አንዲት ሴት ‹ታሪኩ!› ብላ ትጣራለች። ጭራቁ ምን ቢል ጥሩ ነው? ‹አቤት!›»

«እሰይ!»

«ምን እሰይ ያሰኛል እማማ? አክተር ነኝ ካለ ዝም አይልም? ቆርጠው እንኳን አላወጡትም። ሼም ነው!»

«የጠራሁት እኔ ነኝ።»

«እ?»

«ምሳ ቀርቦ ነበር። ጭራቅም ይሁን ሌላ፣ እናቱ ስትጠራው አቤት የማይል ልጅ አላሳደግኩም።»

እኔ በሳቅ «ወራጅ አለ» ማለት አቅቶኝ መውረጃዬን አለፍኩ።